ኔትወርክ የሌለው የኔትወርክ ትምህርት ቤት



በኮምፒውተር ክፍላችን በየጊዜው የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ራውተር ሳንነካ፣ ገመድ ሳንዘረጋ፣ ኔትወርክ እንዴት እንማራለን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዋና በወሬ የተማረ ሰው ወንዝ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያገኘው ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ነገር አለ። «ይሄ ትምህርት ሌላ ቦታ ላሉ ሰዎች ነው፣ ለኛ አይደለም» የሚል ተስፋ መቁረጥ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ስሜት ነው።

መልሱን የምናመጣው ከታሪክ ነው። የኢንተርኔትን መሠረት የጣሉት ሰዎች ራሳቸው እንደልባቸው የሚሞክሩበት ኔትወርክ አልነበራቸውም። የአንዳንዶቹ ኔትወርክ ገና አልተሠራም ነበር። የሌሎቹ ተሠርቷል፣ ግን ብዙ ሰው እየተጠቀመበት ስለሆነ ለሙከራ ብለው ሊያበላሹት አይችሉም ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? ኔትወርኩን በኮምፒውተር ውስጥ አስመስለው ሠሩት። ይህ ዛሬ «ሲሙሌሽን» ወይም ማስመሰል ይባላል። የማስመሰያው ፕሮግራም ደግሞ በብዙ መልኩ በነፃ ሊገኝ፣ ሊቀዳና ሊከፈት የሚችል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደብዳቤው ከፋው ጎንደር እንዴት ይደርሳል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና መጀመሪያ ኔትወርክ ምን እንደሆነ እንነጋገር።

በ1984 እና በ1985 ድርቁና ጦርነቱ ሕዝቡን ወደ ሱዳን ሲያፈልሰው፣ ውሃ ካጠረበት ከወድ ኮውሊ ካምፕ ብዙ ሰው ወደ ፋው ተዛውሮ ነበር። በዚያን ዘመን ሞባይል የለም። አንድ ሰው ከፋው ጎንደር ላለ ዘመዱ ደብዳቤ ሊልክ ፈለገ እንበል። ደብዳቤውን ለሎሪ ሾፌር ይሰጣል። ሾፌሩ ጎንደርን አያውቅም፣ የሚያውቀው ገዳሪፍን ነው። ገዳሪፍ ያለው ባለ ሱቅ ደግሞ ወደ ዶካ የሚሄድ ሰው ያውቃል። የዶካው ሰው መተማ የሚደርስ ነጋዴ ያውቃል። ነጋዴው ጎንደር ያደርሰዋል። ልብ በሉ፣ ከነዚህ ሰዎች አንዱም መንገዱን በሙሉ አያውቅም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ቀጥሎ ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ነው። ደብዳቤው ግን ይደርሳል።

ኔትወርክም እንዲሁ ነው። ደብዳቤው «ፓኬት» ይባላል። ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሰው «ራውተር» ነው። «ለማን ልስጥ?» የሚለው እውቀት «የራውቲንግ ሠንጠረዥ» ነው። ልዩነቱ፣ ኮምፒውተር ረጅሙን ደብዳቤ ብዙ ቦታ ቆራርጦ ቁጥር ሰጥቶ ይልከዋል፤ ተቀባዩ በቁጥሩ መልሶ ይገጣጥመዋል።

በአገራችንም የኮምፒውተር መልእክት የተጀመረው ይህን በሚመስል አሠራር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል ኢሜይል ያስተላልፍ የነበረው አጠራቅሞ በመላክ ነበር። መልእክቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቆያል፣ የስልክ መስመር ሲደወል ተያይዞ ይሄዳል። የሎሪውን መነሻ ሰዓት እንደመጠበቅ ማለት ነው። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በጥር 1997 ነው።

አስመሳዩ ከኔትወርኩ በፊት ተወለደ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖል ባራን የተባለ መሐንዲስ ራንድ በሚባል የምርምር ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ባራን ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቦቹ ከያኔዋ ፖላንድ ይዘውት ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰው ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ጦርነት መጥቶ የስልክ ማዕከሎች ቢመቱ፣ የቀሩት እርስ በርሳቸው መገናኘት እንዲችሉ መስመሩ እንዴት ይዘርጋ?

ይህን በእውነተኛ የስልክ መስመር መሞከር አይቻልም። ማን ማዕከል አፍርሶ ይፈትናል? ባራን በኮምፒውተር ውስጥ የማዕከሎች መረብ ሠራ። ከዚያ በዕጣ እያወጣ ያፈርሳቸው ጀመር፣ በቁጥር ማለት ነው። ስንቱ ሲጠፋ ስንቱ እንደተያያዘ ይቀራል? ያገኘው ውጤት ዛሬም ይገርማል። እያንዳንዱ ማዕከል አንድ መስመር ብቻ ካለው መረቡ ቶሎ ይበጣጠሳል። ከየማዕከሉ ሦስት ወይም አራት መስመር ከወጣ ግን፣ ብዙዎቹ ቢመቱም የተረፉት በአብዛኛው እንደተገናኙ ይቀራሉ። ጥናቱን በ1964 አሳተመ። አያቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉትን ባራን በሒሳብ አሳየ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ጊዜ ሊዮናርድ ክላይንሮክ የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ መልእክቶች በኔትወርክ ውስጥ እንዴት እንደሚሰለፉና ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ያጠና ነበር። እሱም ቲኤክስ-2 በሚባል ኮምፒውተር ላይ የኔትወርክ ማስመሰያ ሠርቶ ሒሳቡን አረጋገጠ። የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት የመጀመሪያ መልእክቱን ያስተላለፈው ደግሞ በጥቅምት 1969 ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እዩ። ማስመሰሉ ቀደመ፣ ኔትወርኩ በኋላ መጣ።

የውሃ ወረፋውና የ1986ቱ መጨናነቅ

ሁለተኛው ታሪክ የመጨናነቅ ታሪክ ነው። ይህን ለካምፕ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው።

የውሃ ቦኖ ላይ ወረፋ አለ እንበል። ውሃው ቀጥኗል። አንዲት እናት ልጇን ከጀሪካን ጋር ላከች። ልጁ ቆየባት። «ወረፋውን ተነጥቆ ይሆናል» ብላ ሁለተኛውን ልጅ በሌላ ጀሪካን ላከች። ጎረቤቷም እንደዚያው። ሌላዋም እንደዚያው። ወረፋው እጥፍ ሆነ፣ ውሃው ግን ያው ነው። ሁሉም ይልካል፣ ማንም አይቀዳም።

በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ የሆነው ይኸው ነው። በሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ሜትር አይሞላም። በመካከላቸው ያለው መስመር በሰከንድ 32,000 ቢት ያስተላልፍ የነበረው በድንገት ወደ 40 ቢት ወረደ። ገመዱ አልተበጠሰም። ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው «ጠፍቷል» ብለው ያንኑ ፓኬት ደግመው ይልካሉ። የተደገመው ራሱ መጨናነቁን ያባብሳል። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ተመራማሪ ችግሩን መርምሮ በ1988 መፍትሔውን አሳተመ። አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ላኪው በጥቂት ይጀምር፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን እያየ ይጨምር፣ ፓኬት ከጠፋበት ግን መጠኑን በብዙ ይቀንስ። ዛሬ ስልካችሁ ከኢንተርኔት ፋይል ሲያወርድ በዚህ መሠረት በተሠራ ደንብ ነው የሚሄደው።

ታዲያ አዲስ ደንብ ሲታሰብ በምን ይፈተን? ኢንተርኔቱን በሙሉ እንደገና አጨናንቆ ማየት አይቻልም። የኔትወርክ ሲሙሌተሮች በደንብ ያደጉት ለዚህ ነው። ኬሻቭ የተባለ የበርክሊ ተማሪ «ሪል» የተባለውን ሲሙሌተር በ1988 ገደማ ሠራ። ከሱ ተነስቶ በ1989 «ኤንኤስ» የሚባለው ተጀመረ። ትርጉሙ የኔትወርክ ሲሙሌተር ማለት ነው። ከ1995 ጀምሮ ቪንት በሚባል ፕሮጀክት የሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ፣ የዜሮክስ ፓርክ፣ የበርክሊና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች አብረው አሳደጉት። ሳሊ ፍሎይድ የተባለችው ሳይንቲስት፣ ነፍሷን ይማርና በ2019 አርፋለች፣ ራውተር ገና ሳይጨናነቅ አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ የሚያደርገውን ዘዴ ከጃኮብሰን ጋር በ1993 ስታቀርብ የፈተነችው በሲሙሌሽን ነበር።

ቀጥሎ ኤንኤስ-2 መጣ። በ2000ዎቹ ዓመታት በዓለም ዙሪያ የኔትወርክ ጥናት የሚያደርግ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው እሱን ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በሱ የተሠሩ የማስተርስ ጥናቶች አሉ። ከ2006 ጀምሮ እንደገና ከመሠረቱ ተጽፎ ኤንኤስ-3 ሆነ፣ የመጀመሪያው እትም በ2008 ወጣ። ቶም ሄንደርሰንና ጆርጅ ራይሊ በአሜሪካ፣ ማቲዩ ላካዥ ደግሞ በፈረንሳይ ከሠሩት መካከል ናቸው።

እንዴት ነው የሚሠራው? ሲሙሌተሩ እንደኛ ሰዓት ቆጥሮ አይጠብቅም። «በዚህ ሰዓት ፓኬት ይነሳል፣ በዚህ ሰዓት ይደርሳል፣ በዚህ ሰዓት ይጠፋል» የሚል የጉዳዮች ዝርዝር ይይዛል። አንዱን ፈጽሞ በቀጥታ ወደ ቀጣዩ ይዘላል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ትራፊክ በደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። በጣም ትልቅ ኔትወርክ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰከንዱ ሥራ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ምንም ሆነ ምን፣ ማሽናችሁ አሮጌ ቢሆን ስሌቱ ይዘገያል እንጂ ውጤቱ አይለወጥም። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ነፃና ክፍት፦ ልዩነቱ ለኛ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን።

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ ሐሳቡ ፕሮግራም እንደ እውቀት መታየት አለበት የሚል ነበር። ማንም ይጠቀምበት፣ ውስጡን ይየው፣ ይቅዳው፣ ያሻሽለው፣ ያሻሻለውንም ለሌላው ይስጥ። በ1991 ሊኑክስ ተጨመረ። «ኦፕን ሶርስ» ወይም ክፍት ምንጭ የሚለው ስም የመጣው በ1998 ነው። ኤንኤስ-3 የሚሰጠው በዚሁ ዓይነት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጓዛል። በፍላሽ ቀድታችሁ ለጓደኛችሁ ብትሰጡ ሕገወጥ አልሆናችሁም፣ እንዲያውም የታሰበው እንዲህ እንዲሆን ነው።

ይህ በሱዳን ለሚኖር ሰው ተራ ነገር አልነበረም። አሜሪካ በኅዳር 1997 በሱዳን ላይ ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። በጥር 2010 ሶርስፎርጅ የተባለው፣ ያን ጊዜ ብዙው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም የሚገኝበት መጋዘን፣ ሱዳንን ጨምሮ ከአምስት አገሮች የሚመጣን ሰው ማውረድ ከለከለ። በጥር 2014 ደግሞ ኮርሴራ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት አቅራቢ በዚሁ ማዕቀብ ምክንያት ከሱዳን ለሚገቡ ተማሪዎች በሩን ዘጋ። በየካቲት 2015 የመገናኛ መሣሪያና ሶፍትዌር ላይ የነበረው ክልከላ ላላ፣ ዋናው የንግድ ማዕቀብ በጥቅምት 2017 ተነሳ።

ለመሆኑ አንድ ድረ ገጽ ሰውየው ሱዳን መሆኑን በምን ያውቃል? በአይፒ አድራሻው ነው። አድራሻው ደግሞ ስደተኛና የአገሬው ሰው አይለይም። ፖሊሲውን ያወጣውም ሰው፣ የሸሸውም ሰው፣ ከሌላ አገር ተሰዶ የመጣውም ሰው በአንድ አድራሻ ሥር ይቆጠራሉ። ኔትወርክ የሚማር ልጅ ይህን ሲረዳ ትምህርቱ ስለ ገመድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ «በነፃ የተሰጠ» እና «ክፍት» አንድ አይደሉም። የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርኪንግ አካዳሚውን በ1997 ጀምሮ፣ ፓኬት ትሬሰር የተባለ ጥሩ ማስተማሪያ ለተማሪዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለጀማሪ ቀላልና ግልጽ ነው፣ ያገኘ ሰው ይማርበት። ግን ባለቤቱ ኩባንያው ነው፤ ለማን እንደሚሰጥና በምን ሁኔታ የሚወስነው እሱ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍት የሆነውም ቢሆን በራችን ድረስ ካልመጣ አይጠቅመንም። በሶርስፎርጅ ላይ የነበሩት ፕሮግራሞች ክፍት ነበሩ፣ የተዘጋው መንገዱ ነው። መንገድ ሲዘጋ የሚያድነው አስቀድሞ የተቀዳ ቅጂ ነው።

ይህ የድሮ ወሬ አይደለም። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ፣ በየካቲት 2024 በአገሪቱ የሞባይልና የኢንተርኔት አገልግሎት በስፋት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተከለ ሰው ትምህርቱም አብሮ ተቋርጧል። በኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ሰው ግን መብራት እስካለ ድረስ መቀጠል ይችል ነበር።

የትኛውን እንያዝ?

ማስመሰያዎቹ ሁለት ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ቤተሰብ በስሌት ብቻ የሚሠራ ነው፣ ኤንኤስ-3 ከዚህ ወገን ነው። ለምርምር ይሆናል፣ ፕሮግራም መጻፍ ግን ይጠይቃል። ሁለተኛው ቤተሰብ «ኢሙሌተር» ይባላል። ይህ እውነተኛውን የኔትወርክ ሶፍትዌር የውሸት ማሽን ውስጥ አስገብቶ ያሠራዋል። ተማሪው የሚጽፈው ትእዛዝ ነገ ሥራ ቦታ ከሚጽፈው ጋር አንድ ነው። እኛ ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው።

ከሁለተኛው ቤተሰብ ስሙ የገነነው ጂኤንኤስ3 ነው። ክሪስቶፍ ፊዮ የተባለ ፈረንሳዊ በ2005 የሲስኮን ራውተር አካል የሚያስመስል ዳይናሚፕስ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ጄረሚ ግሮስማን በሱ ላይ ተነስቶ በስዕል የሚሠራውን ጂኤንኤስ3 አዘጋጀ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ተጠንቀቁ። ጂኤንኤስ3 ክፍት ነው፣ ውስጡ የሚገባው የሲስኮ ራውተር ሶፍትዌር ግን የኩባንያው ንብረት ነው። በየገበያው በፍላሽ የሚዞረው ቅጂ ፈቃድ የለውም። ከዚያ ይልቅ ክፍት የሆነ የራውተር ሶፍትዌር አስገቡበት።

ለምሳሌ ኤፍአርራውቲንግን እንውሰድ። ታሪኩ ራሱ ትምህርት ነው። ኩኒሂሮ ኢሺጉሮ የተባለ ጃፓናዊ በ1996 ዜብራ የተባለውን ጀመረ። የዜብራ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሌሎች ቅጂውን ወስደው ኳጋ አሉት። ኳጋም ሲዘገይ በ2017 ሌሎች ወስደው ኤፍአርራውቲንግ አደረጉት። ሁለት ጊዜ ስሙ ተለወጠ፣ ሥራው ግን አልሞተም። ዝግ ቢሆን ኖሮ ከባለቤቱ ጋር ያበቃ ነበር።

ሌሎችም አሉ። በክሮኤሺያ በዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አይሙነስ፣ ከሱ ተነስቶ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ያደገው ኮር፣ በሮም የሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሠሩት ኔትኪትና ተተኪው ካታራ፣ ከስታንፎርድ በ2010 የወጣው ሚኒኔት። የመጨረሻው ሲቀርብ ዓላማው ትልቅ ኔትወርክን በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ማስገባት ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በአንድ ምስጢር ነው። የሊኑክስ ከርነል ራሱን ከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አድራሻና የራሱ መንገድ ያለው ኮምፒውተር እንዲመስል ማድረግ ይችላል። አንድ ቤት በመጋረጃ ከፍሎ ሦስት ቤተሰብ እንደማኖር ነው። ለያንዳንዱ ሙሉ ማሽን ስለማይፈጥር ብዙ ራም አይበላም። አሮጌ ማሽን ያለው ከኮር ወይም ከሚኒኔት ይጀምር፣ ጂኤንኤስ3ን በኋላ ይድረስበት።

የመጀመሪያው ልምምድ

እንጀምር። ስድስት ራውተር እንሥራና የምናውቃቸውን ስሞች እንስጣቸው። ፋው፣ ገዳሪፍ፣ ዶካ፣ መተማ፣ ሁመራ፣ ጎንደር። በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ሳሉት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና ኪቦርዱን ለመንካት አትቸኩሉ።

መስመሮቹ ስድስት ናቸው። ፋው ከገዳሪፍ፣ ገዳሪፍ ከዶካ፣ ዶካ ከመተማ፣ መተማ ከጎንደር። በሌላ በኩል ገዳሪፍ ከሁመራ፣ ሁመራ ከጎንደር። ለያንዳንዱ መስመር የራሱን የአድራሻ ክልል ስጡ፤ ለመጀመሪያው 10.0.1.0፣ ለሁለተኛው 10.0.2.0፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 10.0.6.0። በየራውተሩ ላይ ሪፕ የተባለውን ቀላል የራውቲንግ ደንብ ክፈቱ። ሪፕ ማለት በየ30 ሰከንዱ ለጎረቤቱ «እኔ ወደ እነዚህ ቦታዎች መንገድ አውቃለሁ» እያለ የሚናገር ነው።

ትንሽ ጠብቁና ከፋው ወደ ጎንደር ፓኬት ላኩ። በትሬስራውት ብታዩት ገዳሪፍ፣ ሁመራ፣ ጎንደር ብሎ ይሄዳል። ለምን በመተማ አልሄደም? ሪፕ ኪሎሜትር አያውቅም። የሚቆጥረው ስንት እጅ እንደሚቀባበለው ነው። በሁመራ በኩል እጁ ያንሳል።

አሁን የገዳሪፍና የሁመራን መስመር ዝጉ። ነገር ግን ገመዱን አትንቀሉ፣ የሚያልፉትን ፓኬቶች በሙሉ ጣሉ። ገመዱ ከተነቀለ ራውተሩ ወዲያው ያውቃል። ዝም ብሎ የጠፋ መስመር ግን አሳሳች ነው። ፒንጉ ይቆማል። ጠብቁ። ሪፕ ጎረቤቱን ሰምቶ 180 ሰከንድ ካላለፈ ተስፋ አይቆርጥም። ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ መልሱ እንደገና መምጣት ይጀምራል፣ አሁን በዶካና በመተማ በኩል። ማንም ሰው ምንም አልነካም። መረቡ ራሱ መንገድ አገኘ።

ልምምዱን ኦኤስፒኤፍ በተባለው ሌላ ደንብ ድገሙት። ይህኛው በተለመደው አሠራሩ በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይልካል፣ 40 ሰከንድ ድምፅ ካልሰማ ጎረቤቱን የለም ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ሰዓት ለኩትና በደብተራችሁ ጻፉት።

በመጨረሻ የፋውንና የገዳሪፍን መስመር ዝጉ። ጠብቁ። አምስት ደቂቃም፣ አንድ ሰዓትም ጠብቁ። መልስ አይመጣም። እኛ በሳልነው ካርታ ፋው ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ፕሮቶኮል የሌለ መንገድ አይፈጥርም። ባራን በ1964 የተናገረው ይኸው ነው። «መፍትሔው ምንድን ነው?» ብላችሁ ተከራከሩ። ከፋው ሌላ መስመር ለመሳብ የምትመርጡት ከየት ወዴት ነው?

ጊዜ ከተረፋችሁ ሁለተኛ ልምምድ እንስጣችሁ። ከመስመሮቹ አንዱን የሳተላይት አድርጉት። ባለበት የሚቆም የሚመስለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ነው። ምልክቱ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ ሲመጣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መዘግየቱን አስገቡ፣ ስፋቱን በሰከንድ 256 ኪሎቢት አድርጉት። አንድ ሜጋባይት ፋይል ለአንድ ሰው በ31 ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። 20 ሰው እኩል ቢካፈለው ግን ለያንዳንዱ ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ «ዛሬ ኔትወርኩ ምን ነካው?» ያለ ሰው መልሱን እዚህ ያገኛል።

ኮምፒውተር የሌለው ቡድንም አይቅር። በራኩባው ጥላ ሥር ስድስት ተማሪ ራውተር ሁኑ፣ ወረቀት ያዙ፣ የጎረቤታችሁን ስም ብቻ ጻፉ፣ የተጣጠፈ ደብዳቤ ተቀባበሉ። አንዱን «ዝም በል» በሉት። ቀሪዎቹ ምን እንደሚያደርጉ እዩ። ይህም ማስመሰል ነው።

አስመሳዩ የማያስተምረን

እውነቱን እንነጋገር። ማስመሰያ ሁሉን አያስተምርም። የገመድ ጫፍ በቀለም ቅደም ተከተል ደርድሮ መቀርጠፍ በእጅ ነው የሚለመደው። የገዳሪፍ ሙቀትና አቧራ ማሽኑን ምን እንደሚያደርገው፣ ጄነሬተሩ በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ምን እንደሚሆን ስክሪኑ ላይ አይታይም።

ሌላም አደጋ አለ። በ2005 ተመራማሪዎች የሽቦ አልባ ኔትወርክ ጥናቶችን ሲመረምሩ፣ በሲሙሌሽን የተሠሩት አብዛኞቹ ጽሑፎች ሌላ ሰው ደግሞ ሊሠራቸው የሚያስችል ዝርዝር እንዳልያዙ አገኙ። የትኛው እትም? ስንት ጊዜ ተሞከረ? በምን ቁጥር ተጀመረ? አልተጻፈም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ በደብተር መዝግቡ። የፕሮግራሙን ስምና እትም፣ ካርታውን፣ የለወጣችሁትን ቁጥር፣ ያያችሁትን ውጤት። ነገ ሥራ ፈላጊ ስትሆኑ ያ ደብተር ስለናንተ ይመሰክራል።

የኢንተርኔት ነገር የማያስተማምን ስለሆነም እንዲህ አድርጉ። መስመር ባገኛችሁ ቀን የሊኑክሱን ሙሉ ቅጂ፣ ፕሮግራሙንና መመሪያውን አንድ ላይ አውርዱ። ከፋይሉ ጋር የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥር አመሳክሩ፣ በመንገድ የተበላሸ ወይም የተነካካ ፋይል የሚታወቀው በሱ ነው። ከዚያ ቢያንስ በሁለት ፍላሽ ቅዱት፣ አንዱን ለሌላ ቡድን ስጡ። ባራን እንዳሳየን አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ እንደ አንድ መስመር ነው።

በመዝጊያችን

በኅዳር 2020 ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስሙ የሚታወቀው ኡም ራኩባ ካምፕ እንደገና ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰው ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። በ2023 ደግሞ መንገዱ ተገልብጦ ሱዳናውያን በመተማ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በዚህ ድንበር መስመሩ ይቆረጣል፣ ሰው ግን ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህን ከማንም የኔትወርክ መጽሐፍ በፊት የምናውቀው እኛ ነን።

ሰው ሲነሳ ቤቱን ይዞ አይሄድም። ራውተርም፣ የምስክር ወረቀትም አንዳንዴ አይተርፍም። ጭንቅላት ውስጥ የገባው ግን ይሄዳል፣ አንዲት ፍላሽም ኪስ ውስጥ ትገባለች። ፈቃድ የማይጠየቅበትን እውቀት የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። እነ ባራን ኔትወርክ ሳይኖራቸው ከጀመሩ እኛም ሳይኖረን መጀመራችን የሚያሳፍር አይሆንም።

ስድስቱን ራውተር የሠራ ቡድን ውጤቱን ከነደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ያምጣልን። በተለይ ፒንጉ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደተመለሰ ለማወቅ ጓጉተናል። ቁጥራችሁ ከኛ ቢለይ ደስ ይለናል፣ ለምን እንደተለየ አብረን እንፈልጋለን።

መልካም ሥራ!